ከውጅግራ እስከ ክላሽንኮቭ፦ የጋዝ፣ የሞላና የልክ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው ሰበታን አልፎ ጥቂት እንደ ተጓዘ የበቾ ሜዳ በፊቱ ይዘረጋለታል። አዋሽ በክረምት ሞልቶ በሚተኛበት በዚህ ሜዳ ላይ የተፍኪ ከተማ ትገኛለች። የአገሩ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ይጨቀያል፤ እግርም ጎማም ይይዛል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቅና እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይወጣዋል። ለጤፍና ለሽንብራ በረከት የሆነው ይህ አፈር ለተንቀሳቃሽ ብረት ግን ጠላት ነው። የትራክተርና የወፍጮ ሞተር የሚጠግን ሁሉ ይህን ያውቃል። በዚህ መንገድ መሣሪያ ተሸክሞ ያለፈ ወታደርና አርበኛም ያውቀው ነበር።

በሀገራችን የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጠመንጃው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳስመጣውና በየትኛው ጦርነት እንደ ተተኮሰ ነው። ጠመንጃው በውስጡ እንዴት እንደሚሠራና ሥራው እንዳይሰናከል ማን ልኩን ይጠብቅለት እንደ ነበር ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የብዙ ሰው ሕይወት የተመሠረተው በዚህ ልክ ላይ ነበር።

በእጅ የሚጎርስ ጠመንጃ

በዐድዋ ዘመን የነበሩት ጠመንጃዎች ስማቸው ዛሬም በሕዝቡ አፍ አለ። ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ፉዚል ግራ ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ምንሽር ደግሞ ከኦስትሪያው ማንሊከር የተወሰዱ ስሞች ናቸው። መትረየስ የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የባዕድ ስም በኢትዮጵያዊ ምላስ ተሞርዶ የአገር ስም ሲሆን፣ መሣሪያውም እንደ ስሙ የአገር ዕቃ ሆኖ ነበር።

እነዚህ ጠመንጃዎች አሠራራቸው ቢለያይም አንድ የሚጋሩት ጠባይ አላቸው። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት የሚያጎርሰው የተኳሹ እጅ ነው። ጥይቱ ደካማ ቢሆን፣ ባሩዱ ዕርጥበት ቢነካው፣ ጎሬው አቧራ ቢገባበት፣ ተኳሹ እጁን ጠንከር አድርጎ ይስባል እንጂ መሣሪያው ሥራውን አያቆምም። ጉልበቱ ከሰው ስለሚመጣ ልኩም በሰው እጅ ነበር። ምንሽርና በኋላም መውዜር በገጠሩ ዘንድ ለብዙ ዘመን ተወዳጅ ሆነው የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጋዝ ሥራ ሲይዝ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተዋሉ። ባሩድ ሲቃጠል ከሚያወጣው ኃይል ዓረሩን የሚገፋው ከፊሉ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀትና ጭስ ሆኖ ይባክናል፤ ወይም የተኳሹን ትከሻ ይረግጣል። ሃይራም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን የመርገጥ ኃይል ተጠቅሞ ራሱን የሚያጎርስ መትረየስ ሠራ። ጆን ብራውኒንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 በዩታ ከአንድ ተኩስ አጠገብ ሆኖ ሲመለከት፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ በፊት ለፊት ያለውን ሣር ሲያስጎነብሰው አየ። ሣር የሚያስጎነብስ ጋዝ ብረትም ሊገፋ ይችላል ብሎ አሰበና በጋዝ የሚሠራ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ።

በአውሮፓም አዶልፍ ኦድኮሌክ የተባለ የኦስትሪያ መኮንን ያቀደውን ንድፍ የፈረንሳዩ ሆችኪስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1893 ገዝቶ አሻሻለው። ከዚህ ንድፍ የተወለደው የሆችኪስ መትረየስ በዓለም ላይ ተሠራጨ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በኢትዮጵያ ሠራዊት፣ በተለይም በክብር ዘበኛ፣ እጅ ከነበሩት መትረየሶች አንዱ ይኸው ነበር።

አሠራሩ በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። በጠመንጃው ቱቦ ጎን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች። ዓረሩ ቀዳዳዋን አልፎ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ ባለው፣ ከሰኮንድ አንድ ሺሕኛ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቂት ጋዝ በቀዳዳዋ ይሾልክና ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ ሞላው ይታመቃል። ከዚያም ሞላው ተመልሶ ሲዘረጋ መዝጊያውን ወደ ፊት ይገፋውና አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ስለዚህ የመሣሪያው ሥራ በሦስት ነገሮች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ በጋዙ ብዛት፣ በተንቀሳቃሹ ብረት ክብደትና በሞላው ብርታት።

ጋዙ ቢያንስ መዝጊያው መንገዱን አይጨርስም፤ ቀለሁ ተወሽቆ ይቀራል። ጋዙ ቢበዛ ደግሞ መዝጊያው ከልክ በላይ ይፈጥናል። ቀለሁ ገና ከጎሬው ግድግዳ ሳይላቀቅ በኃይል ስለሚጎተት ከንፈሩ ይቀደዳል፤ ብረት ከብረት ጋር እየተጋጨ ይሰነጠቃል፤ ካዝናው ቀጣዩን ጥይት አንሥቶ ሳያቀርብ መዝጊያው ባዶውን ያልፋል። ሲበዛ ማር ይመራል እንደሚባለው፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ራሱ ያቆመዋል። ሞላውን ማጠንከርም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጠንካራ ሞላ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሲሄድ ያዘገየዋል፤ ወደ ፊት ሲመለስ ግን ይበልጥ ያፈጥነዋል። አንዱን የነካ ሌላውን ሳይነካ አያልፍም።

ይህን የተረዱት የሆችኪስ መሐንዲሶች በጋዙ ማደሪያ ላይ መመጠኛ ጨመሩ። መመጠኛው ሲጠብቅ የጋዙ ግፊት ይበረታል፤ ሲላላ ይቀንሳል። በዚህም ልክን የመጠበቅ ሥራ ከፋብሪካው ወጥቶ ለተኳሹና ለመሣሪያ ጠጋኙ ተሰጠ። ከዚህ በኋላ መትረየስ የሚይዝ ሰው የመመጠኛውን ትርጉም የሚያውቅ መሆን ነበረበት።

ከማይጨው ወደ ወሊሶ መንገድ

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ዕውቀት የሚያስተምሩ ሰዎችን ለማምጣት ጥሯል። የቤልጂግ መኮንኖች ክብር ዘበኛን አሠልጥነዋል። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ቡራዩን አልፎ በሚገኘው በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መሪነት ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ ጊዜው አልበቃም። ወረራው በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደረሰ። መትረየስ ያለው ክፍል ጥቂት፣ አሠራሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም ከዚያ ያነሰ ነበር።

ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ ትግሉ ወደ ዱር ሲገባ፣ የሰበታ፣ የተፍኪና የወሊሶ መንገድ የጠላት ስንቅና ሠራዊት መመላለሻ ሆነ። በኋላ ደጃዝማች የሆኑት ገረሱ ዱኪ በዚህ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ከታወቁት የአርበኞች መሪዎች አንዱ ነበሩ። የአርበኛው ግምጃ ቤት የጠላት እጅ ነበር። መሣሪያውንም ጥይቱንም ማርኮ ይታጠቃል።

ከጣሊያን ሠራዊት ቀላል መትረየሶች ዋናው ብሬዳ 30 ነበር። ይህ መሣሪያ በጋዝ ሳይሆን በሚረግጥበት ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ ቀለሁን ከጎሬው በቀስታ የሚያላቅቅበት ዘዴ ስላልነበረው ሠሪዎቹ እያንዳንዱ ጥይት ሲጎርስ በዘይት የሚቀባ ትንሽ ፓምፕ አስገቡለት። በንጹሕ የተኩስ ሜዳ ላይ ዘዴው ይሠራል። ዘይትና አቧራ ሲገናኙ ግን የሚፈጥሩት ጭቃ ነው። ብሬዳ 30 በሰሜን አፍሪካ በረሃ በራሱ ሠራዊት ዘንድ የተጠላው በዚህ ምክንያት ነው። የበጋውን የበቾ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት በረሃ መውረድ አያስፈልገውም። አንድ ጉድለት በሌላ ነገር ሲሸፈን ጉድለቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ከብሬዳ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው።

የብሬን አራት ቀዳዳዎች

በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር፣ በኋላም በ1934ቱ ስምምነት መሠረት ከመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ጋር፣ ብሬን ለኢትዮጵያ ሠራዊት የታወቀ መሣሪያ ሆነ። ስሙ የቼኮዝሎቫኪያው ብርኖና የእንግሊዙ ኤንፊልድ ስሞች ተጣምረው የተሠራ ነው። ንድፉ የቼክ፣ ሥራው የእንግሊዝ ነበርና።

የብሬን የጋዝ መመጠኛ አራት ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ። መሣሪያው ንጹሕ ሲሆን በትንሹ ቀዳዳ ይሠራል። ጥላሸት ሲጠራቀምና መዝጊያው ሲዝል ተኳሹ ወደሚቀጥለው ትልቅ ቀዳዳ ያዞረዋል። ይህም ለወታደሩ በልምምድ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። መሣሪያው ሲቆም መጀመሪያ ካዝናው ይለወጣል፤ ደግሞ ቢቆም መመጠኛው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። መመለሻ ሞላው በሰደፉ ውስጥ ተቀምጦ ከመመጠኛው ጋር እየተባበረ ይሠራ ነበር።

የዚህ አሠራር ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይመነጫል። መሣሪያው ስለ ሁኔታው ይጠይቃል፤ ሰውየው ይመልሳል። የሠለጠነ ሰው ካለ ብሬን ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለግላል። ያልሠለጠነ ሰው ግን መሣሪያው በቆመ ቁጥር ቀዳዳውን ወደ ትልቁ ያዞርና እዚያው ይተወዋል። በሚቀጥለው ቀን መሣሪያው ቢጸዳም በማያስፈልገው ኃይል እየተመታ ዕድሜው ያጥራል። ብሬን የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ለመጡ ሌሎች ቀላል መትረየሶች ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። መሣሪያው በሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከኮሪያ ክረምት የተገኘ ትምህርት

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ። በዚህም የኢትዮጵያ ወታደር ኤም ዋን ጋራንድን፣ ካርባይንንና የብራውኒንግን አውቶማቲክ ጠመንጃ ከነሙሉ የጥገና ሥርዓታቸው አወቀ። ሦስቱም በጋዝ የሚሠሩ ነበሩ።

ኤም ዋን መመጠኛ አልነበረውም። መጀመሪያ ሲሠራ ጋዙን ከአፈሙዙ ጫፍ ይቀበል ነበር፤ በኋላ ከቱቦው በተበሳ ቀዳዳ እንዲቀበል ተደረገ። ልኩ በፋብሪካ ስለ ተወሰነ ከተፈቀደለት የጥይት ዓይነት ውጭ መጠቀም መዝጊያውን የሚገፋውን ረጅም ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። የብራውኒንግ አውቶማቲክ ጠመንጃ ግን ሦስት ቀዳዳ ያለው መመጠኛ ነበረው። ትእዛዙም መሣሪያውን በትክክል በሚያሠራው ትንሹ ቀዳዳ መጠቀም ነበር። በኋላ የተሻሻለው ዓይነት በሰደፉ ውስጥ ባለው ማብረጃ አማካይነት የተኩሱን ፍጥነት በሁለት ደረጃ ይለዋውጥ ነበር። ጋዝና ሞላ በአንድ መሣሪያ ላይ ለየብቻ የሚስተካከሉበት ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው።

በኮሪያ ተራሮች ላይ ዘይት በብርድ ይረጋል፤ የረጋ ዘይት ደግሞ መዝጊያውን ያዘገያል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ወታደር የማያውቀው ዓይነት ብርድ ነበር። ስለዚህ መሣሪያን ማጽዳት፣ ዘይቱን መቀነስና መመጠኛውን መጠበቅ ከጀግንነት ጋር እኩል የሚቆጠር ሥራ ሆነ። በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። የተመለሱት ደግሞ ከሜዳልያው ጋር አንድ ሥርዓት ይዘው ተመለሱ፤ መሣሪያ በፕሮግራም ይፈተሻል፣ ያረጀ ሞላ ሳይሰበር ይለወጣል፣ ጥይት በዓይነቱ ይለያል። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ይህንኑ ሥርዓት አስፋፋው።

ልክ ሲዛባ

ልክን መዘንጋት የድሃ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን ኤም 16 አሳይቷል። ይህ ጠመንጃ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ መዝጊያው ተሸካሚ የሚልክ፣ ቀላልና በጥንቃቄ የተለካ መሣሪያ ነበር። ወደ ቬየትናም በብዛት ሲላክ ግን ጥይቱ በሌላ ዓይነት ባሩድ ተሞላ። አዲሱ ባሩድ በጋዙ ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍ ያለ ስለ ነበረ የተኩሱ ፍጥነት ጨመረ፤ ጥላሸቱም በዛ። በዚህ ላይ ለወታደሩ በቂ የማጽጃ ዕቃና ትምህርት አልተሰጠውም። ቀለህ በጎሬ ውስጥ እየተወሸቀ ወታደሮች በጠላት ፊት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1967 ጉዳዩን መርምሮ የሚመለከታቸውን ክፉኛ ነቀፈ።

መፍትሔው ከሦስቱ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነበር። ከሞላው ጋር የሚሠራው ማብረጃ በከበደ ተተካ፤ የጎሬው ውስጥ በክሮም ተለበጠ፤ የጽዳት ትምህርት ተስፋፋ። በባሩድ ላይ የተደረገ አንድ ለውጥ ሞላውን፣ ክብደቱንና የሰውየውን ልማድ እንደገና ማስተካከል አስገደደ።

ታጠቅና ልኩን የማይጠይቅ ጠመንጃ

በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ ሲቋረጥና ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ከቡራዩ አጠገብ በአምቦ መንገድ ላይ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ገበሬ ተሰብስቦ በጥቂት ወራት ሠለጠነ። ከማረሻው ተነሥቶ የመጣ ሰው በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ መተኮስን፣ መሰለፍንና መታዘዝን መማር ነበረበት። የጋዝ መመጠኛን ጠባይ ለማጥናት ጊዜ አልነበረውም። በአንድ ሠራዊት ውስጥ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የቼክና የሶቪየት መሣሪያ ጎን ለጎን በተገኘበት በዚያ ዘመን፣ የጠጋኙ ራስ ምታት ምን ያህል እንደ ነበር የሙያው ሰው ያውቀዋል። የአንዱ ሞላ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ጥይት በሌላው አይጎርስም።

በዚህ መካከል በብዛት የገባው ክላሽንኮቭ ለችግሩ የተለየ መልስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሶቪየት ሠራዊት ተቀባይነት ያገኘው ይህ ጠመንጃ መመጠኛ የለውም። ሠሪዎቹ ከሚያስፈልገው የበለጠ ጋዝ ሰጡት፤ የመዝጊያውን ተሸካሚ ከባድ አደረጉት፤ በብረቶቹ መካከል ለአቧራና ለጭቃ የሚሆን ክፍተት ተዉለት፤ የተረፈው ጋዝ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችንም አበጁለት። በሌላ አነጋገር፣ የበቾ ጭቃ ገና ሳይነካው የጭቃውን ድርሻ አስቀድመው ቆርጠውለታል። ገበሬው ሳይለካ ይተኩሳል፤ መሣሪያውም ይታዘዘዋል።

ሆኖም የተረፈው ኃይል ያለ ዋጋ አይገኝም። ከባዱ ብረት በፍጥነት እየተመላለሰ መሣሪያውን በተኳሹ እጅ ያንቀጠቅጠዋል፤ በተከታታይ ሲተኮስ ዒላማው ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልክን የሚጠይቅ መሣሪያ ሲቀር፣ ልክን የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይቀራል። ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡት አገሬው ሰው አሠራሩን እንዲያውቅ ጭምር ነበር። ከዚያ ስም የተሰየመው የጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በዘመናችን የክላሽንኮቭ ዓይነት ጠመንጃ ሠርቷል። ጠመንጃን መሥራት ግን በቀዳዳውና በሞላው መካከል ያለውን ሒሳብ ማወቅን ይጠይቃል። ተኳሹ ሊተወው የሚችለውን ዕውቀት ሠሪው ሊተወው አይችልም።

የማርሚታ ወንድም

በዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ የድምፅ ማፈኛ ነው። የመትረየሱ ፈልሳፊ የማክሲም ልጅ፣ ሃይራም ፐርሲ ማክሲም፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ አወጣ። አባትየው ጠመንጃን ያለማቋረጥ አስጮኸ፤ ልጁ ጩኸቱን ለማለዘብ ደከመ። የማፈኛው ሐሳብ በጋራዥ ማርሚታ ከሚባለው የመኪና ጭስ ማውጫ ጋር አንድ ነው፤ ሰውየውም ለሞተር የሚሆን ማፈኛ ሠርቷል። በሁለቱም ዘንድ ትኩሱ ጋዝ በክፍልፋይ ጓዳዎች ውስጥ እየተዘዋወረ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ይበርዳል።

የመኪና ማርሚታ የታፈነ እንደ ሆነ ሞተሩ እንደሚለግም ሁሉ፣ ማፈኛ የተገጠመለት ጠመንጃም ጠባዩ ይለወጣል። ጋዙ ከአፈሙዙ ቶሎ ስለማይወጣ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይቆያል፤ በቀዳዳዋ የሚሾልከው ጋዝ ይበዛል፤ መዝጊያው ይፈጥናል፤ ጭሱም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ለክላሽንኮቭ በተሠራው የሶቪየት ማፈኛ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ዓረሩ ከድምፅ ፍጥነት በታች እንዲበር ጥይቱ ስለ ተዳከመ ጋዙ መዝጊያውን ለማንቀሳቀስ አልበቃም። ስለዚህ ግፊቱን የሚይዝ የጎማ መዝጊያ በማፈኛው ውስጥ ተጨመረ። በቅርብ ዘመን የተሠሩ ጠመንጃዎች አንዱ ለተራ ተኩስ፣ ሌላው ለማፈኛ የሚሆን ደረጃ ያለው መመጠኛ ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ሆችኪስ ለሰው እጅ የሰጠው፣ ክላሽንኮቭ የሸሸገው መመጠኛ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ የልክ ጥያቄ ፈጽሞ የማይጠፋ መሆኑ ነው። በአንድ ዘመን ለተኳሹ ይሰጣል፤ በሌላ ዘመን በፋብሪካ ይወሰናል፤ ሁኔታው ሲለወጥ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። የሚለወጠው ጥያቄውን የሚመልሰው ሰው ነው። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን የመለሱት በየግምጃ ቤቱ የደከመ ሞላን በጣታቸው የሚለዩ፣ የቀለሁን ከንፈር አይተው ጋዙ መብዛቱን የሚያውቁ የመሣሪያ ጠጋኞች ነበሩ። የጦርነት ታሪክ የአዝማቾችን ስም ይመዘግባል። ከቃኘው ዘማች እስከ ታጠቅ አሠልጣኝ የነበሩት ባለሙያዎች ልምዳቸው በአብዛኛው በቃል ብቻ ተላልፏል። ከእነርሱ በሕይወት ያሉት እያነሱ ሲሄዱ፣ ያን ልምድ መጻፍ የጦር ሠራዊቱ ብቻ ሳይሆን የመካኒክ ሙያ ባለቤቶች ሁሉ ዕዳ ነው። በወፍጮ ቤት፣ በውሃ ፓምፕና በትራክተር ሞተር ላይም የሚገጥመው ያው ጥያቄ ነውና፤ ኃይሉ ስንት፣ ክብደቱ ስንት፣ ሞላው ስንት? በተፍኪ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሞተርም ሆነ የተወሸቀ ጠመንጃ መልሱን የሚያገኘው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ለክቶ፣ ያየውን ለሚቀጥለው ሰው ካቆየ ባለሙያ ነው።